ፍሬን ስለሌለው ሞተር ያስረዳሁ ቀን

አንድን ነገር በሰው ፊት ከስር ከመሠረቱ፣ በምሳሌ አስደግፋችሁ ካስረዳችሁ በኋላ፣ ከአድማጮቹ አንዱ ረጋ ብሎ «ለመሆኑ አንተ አይተኸው ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቋችሁ፣ መልሳችሁ «አላየሁም» የሆነበት ጊዜ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በተማሪዎቼ ፊት ቢሆን ኖሮ በሳቅ ባለፈ። የገጠመኝ ግን ለወንድሜ ሚስት ልንለምን በሄድንበት ቤት፣ በሽማግሌዎች መሀል፣ አንድ ጫማ በእጄ ይዤ ነው።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በቅደም ተከተል ካልሆነ አይሆንልኝም፤ አስተማሪ ነኝ። ሲያትል ውስጥ፣ ኖርዝጌት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳይንስ አስተምራለሁ።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እንጀራው ስፒድዌይ ነው። ስፒድዌይ ምን እንደሆነ የማያውቅ ስለሚኖር ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሞተረኞች በአንድ መስመር ይቆማሉ። ከፊታቸው የተወጠረው ገመድ ወደ ላይ ሲስፈነጠር ይነሳሉ። እንቁላል በሚመስል፣ ልል አፈርና ጠጠር በለበሰ ሜዳ ላይ አራት ዙር ይዞራሉ፤ የሚታጠፉት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። አንደኛ የወጣ ሦስት ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ፣ የመጨረሻው ምንም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ከዚያ ሌሎች አራት ይሰለፋሉ። ሞተሩ ያለው ማርሽ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ የለውም። ስለ ፍሬኑ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መዘዜ ከእሱ ነው የመጣው።

ወንድሜ በዚህ ሥራ የተለከፈው ሃይስኩል እያለ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት በወጣትነቱ ስፒድዌይ የነዳ፣ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን አሮጌ ሞተር ላይ አስቀምጦ ባዶ ሜዳ ላይ ያዞረው ነበር። እናታችን ልጇ ዘይት እየቀየረ መስሏት ልብሱ ላይ ያለውን ጭቃ ስታጥብ «ይሄ ጋራዥ ወለል የለውም እንዴ?» ትል ነበር። ኮሌጅ ይገባል ስንል እንግሊዝ አገር ለአንድ ትንሽ ቡድን ሊነዳ ሄደ። የመጀመሪያውን ዓመት ቫን ውስጥ እያደረ፣ አራተኛ እየወጣ ጨረሰው። በሁለተኛው ዓመት ነጥብ ማምጣት ጀመረ። ከዚያ ፖላንድ ያለ ቡድን ወሰደው፤ እዚያ ሰው ለስፒድዌይ እኛ አገር ለእግር ኳስ እንደሚሆነው ይሆናል አሉ። የትከሻው አጥንት ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፣ የእጁ አንጓ አንድ ጊዜ። ስሙ በፖስተር ላይ የወጣበት ዓመት አለ፣ ቡድኑ ያሰናበተው ዓመትም አለ። ከመጋቢት እስከ መስከረም አውሮፓ ይነዳል፤ ከዚያ ሲያትል ተመልሶ እናታችን ቤት ይከርማል፣ የዕቃ ማድረሻ መኪናም ይነዳል።

ይህን ሁሉ አሁን በዝርዝር ጻፍኩላችሁ እንጂ፣ ቸርች ውስጥ ስለ እሱ የምንናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ከአምልኮ በኋላ አንዷ እናት «ትልቁ ልጅሽስ?» ስትል እናቴ «ውጭ አገር ይሠራል» ትላለች። ልብ በሉ፣ እኛ ራሳችን ያለነው ውጭ አገር ነው። ግን ማንም «ከውጭ አገር ወዲያ የት?» ብሎ አይጠይቅም። የጠያቂዋ ልጅ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ የሌላኛዋ ፋርማሲስት ሆናለች፤ «ሞተር ይነዳል» ብንል ምግብ የሚያደርስ ይመስላቸዋል፣ ካልሆነም ዱርዬ። ስለዚህ ውጭ አገር ይሠራል። እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ትምህርት ቤት ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ስለ ሰበቃ፣ ማለት ነገሮች ሲፋተጉ ስለሚፈጠረው ኃይል፣ ሳስተምር የወንድሜን ቪዲዮ እከፍትላቸዋለሁ። የኋላው ጎማ እንዴት ሆን ተብሎ እንደሚንሸራተት፣ መሪው ወደ ቀኝ ተጠምዞ ሞተሩ እንዴት ወደ ግራ እንደሚሄድ በቀስት እየሳልኩ አሳያለሁ። ልጆቹ ይንጫጫሉ። «ሚስተር፣ ሪሊ ወንድምህ ነው?» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። በዓመት ውስጥ ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ክፍለ ጊዜ ያ ነው። እንግዲህ ራሴን የስፒድዌይ አዋቂ አድርጌ የቆጠርኩት በዚህ ነው።

ባለፈው መስከረም ወንድሜ እጮኛ እንዳለው ነገረን። ልጅቱ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። እናቷም አባቷም ደንበኛውን ሥርዓት ይፈልጋሉ፤ ሽማግሌ መምጣት አለበት። አባታችን በሕይወት ስለሌለ እናቴ ከቸርቻችን ሦስት ሽማግሌዎች ለመነች። ዋናው ሰው ብዙ ትዳር ያስማሙ፣ ቃላቸው እንደ ወርቅ የሚመዘን ጡረተኛ ነበሩ። ሁለተኛው ቀልደኛ ናቸው፤ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ያስቃሉ። ሦስተኛው ዝምተኛ ናቸው፤ ሲያስፈልግ ብቻ «ልክ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሾፌር ሆንኩ። «ከቤተሰቡም አንድ ወንድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ግን ዝም ብለህ ትቀመጣለህ» አሉኝ ዋናው ሽማግሌ፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ከቤታቸው በር ስቀበላቸው።

«እሺ ጋሼ፣ አንዲት ቃል አልናገርም።»

«አስተማሪ ዝም ሲል ለማየት ያብቃን» አሉ ቀልደኛው ከኋላ ወንበር።

እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ያካፋል። ዴ ሞይን ደርሰን በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አልቀመጥ ብለው ቆሙ። የልጅቱ አባት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ዋናው። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«እንግዲያው ተቀምጠን እንስማችሁ።»

ተቀመጥን። መጀመሪያ ስለ እምነቱ ተጠየቀ፣ ዋናው ሽማግሌ መለሱ። ስለ ጠባዩ ተጠየቀ፣ ቀልደኛው «እናቱን የሚያከብር ልጅ ነው፤ የዘመኑ ልጅ ሆኖ እኛን እንኳ ያከብራል» ብለው አሳቁ። ነገሩ ሁሉ በለሰለሰ መንገድ እየሄደ ነበር። ከዚያ አባትየው «የልጁ ሥራ ምንድን ነው? ልጄ ስፖርት ነው ብላኛለች፤ ምን ዓይነት ስፖርት እንደሆነ ግን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ» አሉ።

ዋናው ሽማግሌ «ስፖርተኛ ነው፣ አውሮፓ ይወዳደራል። በሞተር» ብለው አቆሙ። ከዚያ በላይ እንደማያውቁ ገባኝ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አደረጉ። «ወንድሙ መምህር ነው፤ ባጭሩ ሊነግርዎ ይችላል። ባጭሩ።»

እኔ «ባጭሩ» የሚለውን አልሰማሁም። የሰማሁት «ሊነግርዎ ይችላል» የሚለውን ነው።

ልባቸውን ላሳርፍ ብዬ ነበር። የወንድሜ ሥራ የዱርዬ ሥራ ሳይሆን ሥርዓት ያለው፣ የተሰላ ነገር መሆኑን ላሳይ ፈለግኩ። ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ቁጭ ብዬ ማስተማር አልችልም። «ሶ፣ ጋሼ፣ ሦስት ነገሮችን እንይ» አልኩ። ቀልደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንደኛ፣ ሞተሩ ፍሬን የለውም።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው የሲኒ ድምፅ ቆመ። የልጅቱ እናት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አሉ።

«ፍሬን የሌለው ለደኅንነት ነው!» አልኩ ፈጠን ብዬ። እውነቴን ነው፤ አንዱ ሞተረኛ መታጠፊያው ላይ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይወጡበታል። ማንም መያዝ ካልቻለ ግን ሁሉም አንዱ የሌላውን አካሄድ ይገምታል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ግን ከ«ፍሬን የለውም» በኋላ ማንም የሰማኝ አይመስለኝም። «ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በመንሸራተት ነው። ለዚህም የግራ እግራቸው ጫማ ከሥሩ ብረት አለው፤ ቆይ ላሳይዎት» ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና የግራ ጫማዬን ይዤ ተመለስኩ።

እባካችሁ እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ጫማዬን እንደ ሞተረኛ እግር ወደ ግራ እየገፋሁ፣ «አሁን ሰበቃው እዚህ ጋ ነው» እያልኩ፣ ግማሽ ክብ ሠርቼ አዞርኩት። ክቡ ያለቀው በአባትየው ካልሲ ፊት ለፊት ነው። ቀና ስል ነጣ ባለው ምንጣፍ ላይ ከሶፋው እስከ እሳቸው እግር ድረስ ጥርት ያለ የጭቃ ቅስት ተስሏል። ሰሌዳ ላይ ቢሆን የሚያኮራ ቅስት ነበር።

የልጅቱ እናት ቅስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔ ተንበርክኬ እንዳለሁ፣ ከልማድ ብዛት፣ «ጥያቄ ካለ» አልኩ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ አባትየው። «ወንድምህ ሲነዳ አይተኸው ታውቃለህ?»

«አዎ፣ ቪዲዮው ሁሉ አለኝ። ለተማሪዎቼም…»

«በዓይንህ ነው የምልህ። አጥሩ ጋ ቆመህ።»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። ወንድሜ ግን በልጅቱ በኩል ውሸቱን ይሰማል። «አላየሁም» አልኩ።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

 ሰውዬው ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉ፦ «እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ከሞተር የወደቀ ሰው ሲመጣልን መጀመሪያ የምናደርገው ልብሱን በመቀስ መቅደድ ነው። ከዚያ ዘመድ ይመጣል። ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ዘመድ ማነጋገርም የኔ ሥራ ነው። ስለ ሰበቃ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ወንድሙ ሊያየው የማይሄደውን ሥራ፣ የኔ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ እንድታይ ነው የምትለምኑኝ?»

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ዝምተኛው፣ «ልክ ነው» አሉ። ካፋቸው አምልጧቸው ነው፤ ወዲያው አቀረቀሩ።

እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ተባለ፣ ቀጠሮም ተሰጠ፤ ግን ለወግ የሚባል «እንመካከርበት» አለ፣ በር ለመዝጋት የሚባልም አለ። ይሄ የቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን። ሃይዌይ ስንገባ ቀልደኛው ሽማግሌ ጀመሩ።

«እኔ በሽምግልና ስኖር ጥሎሽ ሲቀርብ አይቻለሁ፣ ቀለበት ሲቀርብ አይቻለሁ። ጫማ ሲቀርብ ግን ዛሬ ነው።»

«ተወው» አሉ ዋናው።

«ምን አልኩት? ሚስት ልንለምን ሄደን ሞተር ሸጠን ወጣን ነው ያልኩት። ያውም ፍሬን የሌለው።»

ዋናው ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ እኔም አጥፍቻለሁ፤ የልጁን ሥራ በደንብ ሳልጠይቅ ሰው ቤት ገባሁ» አሉ። «ግን እኔ ባዳ ነኝ። አንተስ?»

 ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፍሬ ነበር። ያሳፈረኝ ጫማው አልነበረም፤ ጫማው የሚያስቅ ነገር ነው። ያሳፈረኝ አንድ የማላውቀው ሰው በአንድ ጥያቄ እኔ ራሴን ጠይቄው የማላውቀውን ማግኘቱ ነው። እንግሊዝ አገር ወዳጅ ስጠይቅ ሁለት ጊዜ ከርሜ ተመልሻለሁ፤ ወንድሜ የሚነዳበት ከተማ በባቡር ቅርብ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ላለመሄድ ምክንያት አላጣሁም።

ለወንድሜ የነገርኩት እኔው ነኝ። እናታችን ቤት ጋራዥ ውስጥ የሞተሩን ሰንሰለት እየጠረገ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጫማውንም ጭምር። ጫማው ላይ ሳቀ። የአባትየው ጥያቄ ላይ ስደርስ ጨርቁን አስቀመጠ።

«ምን አልካቸው?»

«አላየሁም አልኩ።»

«ጥሩ፣ አልዋሸህም።» ሰንሰለቱን አየ። «ቲቸር፣ እኔ ስሰበር ስልክ ደውለህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? የትከሻ አጥንት ምን ያህል ቶሎ እንደሚገጥም አስረዳኸኝ። ሆስፒታል ተኝቼ፣ ብቻዬን፣ ስለ ካልሲየም ሰማሁ።»

«ሊያጽናናህ ይችላል ብዬ…»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ ታስረዳኛለህ። ለተማሪዎችህ ታስረዳኛለህ፣ ለሽማግሌ ታስረዳኛለህ። መጥተህ ግን አታየኝም። ፈርተህ ነው ወይስ አፍረህብኝ?»

መልሱ ሁለቱም ነበር፤ ከአፌ ግን አልወጣም። እሱ ጠበቀኝ። ከዚያ ጨርቁን አነሳ።

«ፈርቼ ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

በዚያ ሳምንት እጮኛው ደወለችለት። ቅዳሜ ከከተማው በስተደቡብ በአንድ የገበሬዎች ትርዒት ሜዳ ላይ፣ የአውሮፓው ወቅት ካለቀ በኋላ የሚደረግ ውድድር ነበረው። አባቷ ለማየት እንደሚመጡ ነገረችው። ቀጥላም «ያ መምህር ይምጣና አጠገቤ ይቁም ብሏል፤ አይ ዶንት ኖው ዋይ» አለችው። ወንድሜ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ።

ቅዳሜ ቀን ላይ ደረስን። መኪናዬን ሣር ላይ ፓርክ አድርጌ ስወርድ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። ሞተሮቹ የሚሠሩት በቤንዚን ሳይሆን በአልኮል ነው፤ ለተማሪዎቼ ቀመሩን ጽፌላቸው አውቃለሁ። ሽታው ግን ቀመር ውስጥ የለም፤ የተቃጠለ ስኳርና የፀጉር ቅባት የተቀላቀለ ይመስላል፤ ዓይን ያስለቅሳል። አባትየው አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ ልጃቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው። ሰላምታ ሰጥቻቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ዛሬ እንይ።»

አራቱ ሞተሮች ሲነሱ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ገባ። መታጠፊያው ላይ ከኋላ ጎማቸው የሚረጨው አፈር አጥሩን ተሻግሮ ፊታችንን ሸፈነው። ጥርሴ ውስጥ ጠጠር ገባ። ወንድሜን በሄልሜቱ ቀለም ነው የለየሁት፤ ቀይ ነበር። ቪዲዮ ላይ ሳየው ሞተሩ ሲንሸራተት ለስላሳ ነገር ይመስላል። እዚህ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ውድቀት ነው፤ ወድቆ ወድቆ ልክ መሬት ሊነካ ሲል ቀጥ ይላል። ከአንድ ሩጫ በኋላ እጄ አጥሩን ይዞ አልለቅ አለኝ። እጮኛው ደግሞ ታኝክ የነበረውን ማስቲካ ውጣው ነበር። «በየጊዜው ነው የምውጠው» አለችኝ። ወንድሜ አንደኛ አልወጣም፤ ሁለተኛ ወጣ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

በሦስተኛው ሩጫው፣ መታጠፊያው ላይ፣ ከፊቱ የነበረ ወጣት ሞተረኛ ተገልብጦ መሀል መንገድ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ከኋላው ነበር፣ በጣም ቅርብ። ፍሬን የለውም። ይህን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ያኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። መሪውን ጠምዝዞ ሞተሩን ከነራሱ በጎኑ አስተኛው፤ ሆን ብሎ ራሱን መሬት ላይ ጣለ። ሞተሩና እሱ ተያይዘው እየተንሸራተቱ በወደቀው ልጅ አጠገብ አልፈው እንጨቱ አጥር ላይ ተላተሙ።

ጮኼ ኖሯል። ምን ብዬ እንደጮኽኩ የነገረችኝ እጮኛው ናት፤ ሕፃን እያለሁ እጠራው በነበረው አጠራር ነው የጠራሁት። ሳላውቀው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ወንድሜ ተነሣ። ሞተሩን አላየም፣ እያነከሰ ወደ ወደቀው ልጅ ሄደ። አንድ ሰው ቀድሞ ደርሶ የልጁን ሄልሜት ሊያወልቅ ሲል ወንድሜ እጁን ያዘው፣ አራቀው፤ ተንበርክኮ የልጁን ራስ በሁለት እጁ እንዳይንቀሳቀስ ይዞ የሕክምና ሰዎቹ እስኪመጡ ጠበቀ። አባትየው ይህን ሲያዩ አጥሩ ላይ ተደግፈው ነበር። «አንገቱን አላስነካም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጁ በኋላ ራሱ ተራምዶ ወጣ። ወንድሜ አፈር ለብሶ፣ ዓይኖቹ ብቻ እየታዩ ወደ አጥሩ መጣና እጁን ለመስጠት አፍሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላቸው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ትንሽ ቆሸሽኩ።»

«ተጎድተሃል?»

«ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ።»

«ፈርተህ ነበር?»

«ሁልጊዜ እፈራለሁ ጋሼ። ያልፈራሁ ቀን አልነዳም።»

«መቼ ነው የምታቆመው?»

ወንድሜ እጮኛውን አየ። «ቀን ቆርጬ ብነግርዎ ደስ እንዲልዎ ያህል ይሆናል። ብዙ ዓመት አልቀረኝም። ጉልበቴ ሲነግረኝ መጀመሪያ የምነግረው ለእሷ ነው።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔን አዩ። ገና ከመሬት አልተነሳሁም፤ ሱሪዬ ላይ ሣር፣ ፊቴ ላይ በእንባ የራሰ አፈር። ምንም ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው፣ በቀጠሮው ይምጡ። አንተ መኪና ውስጥ ትጠብቃለህ።»

በቀጠሮው ቀን ጠበቅኩ። ዴ ሞይን ለኤርፖርቱ ቅርብ ናትና፣ መንገድ ዳር አውሮፕላኖች ጎማቸውን አውጥተው ከራሴ በላይ ሲያልፉ፣ መሪ ይዤ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጥኩ። የሚገርመው እፍረቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ቤቱ ውስጥ ስለ እኔ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። የልጅቱ እናት በር ከፍተው በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዘውልኝ ወጡ፣ በመስኮቱ አቀበሉኝ፣ «ብላ ልጄ» አሉ። የምንጣፉን ነገር አንስቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል «በሳሙና ለቀቀ» ብለው ተመለሱ።

ብዙ ቆይተው ሽማግሌዎቹ ወጡ። ቀልደኛው ኋላ ወንበር ላይ ገብተው ቀበቶአቸውን ሲያስሩ «እሺ ብለዋል» አሉ። «ዝም ስትል ነገር እንደሚሳካ አየህ?»

ዋናው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል» አሉ። «አባትየው፣ ልጄ አጥሩ ጋ ብቻዋን አትቆምም፤ እሱ በሚነዳባቸው ዓመታት ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወንድሙ ሄዶ አጠገቧ ይቁም ብለዋል። እኛም አንተን ሳንጠይቅ ተስማምተናል።»

«ልክ ነው» አሉ ዝምተኛው፣ በዚህ ጊዜ አስበውበት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። የሚመጣው ሐምሌ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፖላንድ እሄዳለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ቸርች ውስጥም ባለፈው እሑድ አንዲት እናት ስለ ወንድሜ ሲጠይቁ «ሞተር ይነዳል፣ እሽቅድምድም» አልኩ።  እናቴ እግሬን ረገጠችኝ። ሴትዮዋ «አያስፈራም?» አሉ፤ «ያስፈራል» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ለማስረዳት የተከፈተውን አፌን ዘጋሁት። አሁንም ቪዲዮውን ለተማሪዎቼ እከፍታለሁ፤ ቀስት መሳሉን ግን ለመጨረሻው አምስት ደቂቃ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ዝም ብለን እናያለን።

እናንተም ሞክሩት። ከቤተሰባችሁ ውስጥ ሥራውን ለሰው ደጋግማችሁ የምታስረዱለት፣ ወይም ጨርሶ የማታነሱት ሰው ይኖራል፤ ሌሊት አስከሬን የምታጥብ አክስት፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን አጎት፣ ማን ይሁን ማን። ፈቃድ ጠይቃችሁ አንድ ቀን ሥራው ቦታ ሂዱ። አጠገቡ ቁሙ። ምንም አትናገሩ፣ ፎቶም አታንሡ። ሲጨርስ ምን እንዳያችሁ ሳይሆን ምን እንደተሰማችሁ ለእሱ ለራሱ ንገሩት።